ጾምና አላባማ፦ ከእማዬ ጋር የአራት ቀን መንገድ

ረቡዕ፣ ከአትላንታ ወደ በርሚንግሃም

ብቻዬን ልሄድ ነበር ያሰብኩት። እማዬ ከአዲስ አበባ ከመጣች ሁለት ወሯ ነው፤ ቤት ተቀምጦ በመስኮት መኪና መቁጠር ሰልችቷታል። «የት ነው የምትሄደው?» አለችኝ። «አላባማ፤ እነማርቲን ሉተር ኪንግ ያገለገሉባቸውን ቤተ ክርስቲያኖች ልጎበኝ።» «ቤተ ክርስቲያን ከሆነማ እኔስ?» አለች። አለቀ። ነጠላዋን አጥፋ፣ ዳዊቷን ይዛ፣ በሶና ቆሎ በፌስታል ቋጥራ ከኔ ቀድማ መኪና ውስጥ ተገኘች።

ለምን እንደምሄድ ግን አልነገርኳትም። እዚህ ልናገረው። የምሠራበት መጋዘን የኦቨርታይም ክፍያችን እየተሸራረፈ ነው የሚደርሰን። አበሻም፣ ሜክሲኳዊም፣ ጥቁር አሜሪካዊም ሆነን ተሰብስበን እንጠይቅ ተባባልን። ሁለት ስብሰባ ሄድኩ። በሦስተኛው «ደክሞኛል» ብዬ ቀረሁ። ደክሞኝ አልነበረም። አለቃዬ ኮሪደር ላይ አንድ ጊዜ ትኩር ብሎ ስላየኝ ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ ሲያመላልሰኝ ከረመ፦ ቤታቸው በቦምብ እየፈረሰ በማግስቱ የሚወጡ ሰዎች ምን በልተው ነው?

ከከተማ ከመውጣታችን በፊት ኦበርን ጎዳና ቆምን። ኪንግ በ1929 የተወለደበት ቤትና ከአባቱ ጋር ያገለገለበት ኤቤኔዘር ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚያስኬዱ ጎረቤታሞች ናቸው። (ዓመቶቹም ቀኖቹም ካልገለጽኩ በቀር እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) መቃብሩ ውሃ መሃል ነው። እማዬ ውሃውን አይታ «ጸበል ነው?» አለች። አይደለም። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ስንገባ ልጁ ከተገደለ ከስድስት ዓመት በኋላ፣ በ1974፣ እናቱም እዚሁ ኦርጋን ስትጫወት በጥይት እንደተገደለች ነገርኳት። «እናትየዋንም?» አለች። ከዚያ ለግማሽ ሰዓት ያህል ዝም።

የአላባማን ድንበር ስንሻገር የስልኬ ሰዓት አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሰ። ሳሳያት «ወደ ኋላ ነው እንዴ የምንሄደው?» ብላ ሳቀች።

እራት ላይ ግን አልሳቀችም። ምናሌው ላይ ጎመን አገኘሁና ደስ ብሎኝ አዘዝኩላት። አማትባ ጎረሰች። ሁለተኛው ጉርሻ ላይ ማንኪያው ቆመ። ለካ የአላባማ ጎመን ያለ አሳማ ቅልጥም አይሠራም። በዐቢይ ጾም! አስተናጋጇ ይቅርታ እየጠየቀች ልታለቅስ ደረሰች። እማዬ አፏን አብሳ፣ «ጎመን በጤና ይባላል፤ ይሄኛው ጤና የለውም» አለች። ሆቴል ገብተን ቆሎ በላን።

ሐሙስ፣ በርሚንግሃም

የ16ኛው ጎዳና ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን በር ላይ እማዬ ጫማዋን ልታወልቅ ጎንበስ አለች። አስጎብኚው «አያስፈልግም» አሏት። «ቤተ ክርስቲያን አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩ። ሰውየው ትንሽ አሰቡና «ነው። እንደወደዱ» አሉ። በካልሲ ገባች።

መስከረም 15 ቀን 1963፣ እሑድ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከ22 ደቂቃ። የነጭ የበላይነት አራማጆች ከደረጃው ሥር ያስቀመጡት ዲናሚት ፈነዳ። ምድር ቤት ባለው የሴቶች ክፍል ውስጥ አምስት ልጃገረዶች ለአገልግሎት ይሰናዱ ነበር። አዲ ሜይ የዴኒዝን ቀሚስ መቀነት እያሰረችላት ነበር፤ ይህን የነገረችን የአዲ ሜይ ታናሽ እህት ሳራ ናት። ሳራ አንድ ዓይኗን አጥታ ተረፈች። አዲ ሜይ፣ ሲንቲያና ካሮል 14 ዓመታቸው ነበር። ዴኒዝ 11።

እማዬ በጣቷ ቆጠረች። «በኛ መስከረም 4 ማለት ነው። በ56።» ዕንቁጣጣሽ ከዋለ ሦስት ቀን። «እኔም ያኔ አሥራ አንዴ ነበር» አለች። «በዚያ ሳምንት አደይ ይዘን አበባየሆሽ እያልን ነበር እኮ።» ግድግዳ ላይ ያለውን የዴኒዝን ፎቶ አየችው፣ አየችው። ነጠላዋን ወደ ፊት ጎተተች።

የዚያን ዕለት የሰንበት ትምህርት ርዕስ «ይቅር የሚል ፍቅር» ነበር። ይሄን ስሰማ ሁሌም ይጨንቀኛል። ለተበዳይ በጣም ቶሎ የምትታዘዝ መድኃኒት ናት ይቅርታ። እዚህ ያሉ ሰዎች ግን ይቅርታን የፍርድ ምትክ አላደረጓትም። ከገዳዮቹ አንዱ በ1977 ተፈረደበት። ሁለተኛው በ2001። ሦስተኛው በ2002። አራተኛው ሳይከሰስ ሞተ። አስጎብኚው ስለ ሁለተኛው ሲናገሩ «38 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወር ሲቀረው» አሉ። ይህንን ስተረጉም እማዬ እጄን ያዘችኝ።

«መጻጉዕ!»

ያለፈው እሑድ መጻጉዕ ነበር። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ ዳር 38 ዓመት የተኛው በሽተኛ የሚታሰብበት። ጌታ ልትድን ትወዳለህን ሲለው መልሱ አዎ አይደለም። «ሰው የለኝም» ነው ያለው። እማዬ ለአስጎብኚው ይሄን ንገራቸው አለችኝ። ነገርኳቸው። ሰውየው ባርኔጣቸውን አውልቀው ያዙት። «እኛ ግን ሰው ነበረን» አሉ። «በየሰኞ ማታ።»

በየሰኞ ማታ ያሉት ነገር ነው ቀኑን ሙሉ ሲከተለኝ የዋለው። የአላባማ መንግሥት በ1956 ለጥቁሮች መብት የሚሟገተውን ማኅበር ኤንኤኤሲፒን ሲያግደው ቄስ ፍሬድ ሸትልስወርዝ ወዲያው ሌላ ማኅበር አቋቋመ። ማኅበሩ በየሰኞው ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይሰበሰባል። ይዘመራል፣ ይጸለያል፣ ማን ታሰረ፣ ማን ከሥራ ተባረረ ይባላል፣ ገንዘብ ይዋጣል። በሚቀጥለው ሰኞ እንደገና። የዚያ ዓመት የገና ማታ ሸትልስወርዝ አልጋው ላይ ሳለ ቤቱ በቦምብ ፈረሰ። ከፍራሹ ጋር ወድቆ ከፍርስራሹ በእግሩ ወጣ። አንድ ፖሊስ ከከተማ ቢወጣ እንደሚሻለው መከረው። እግዚአብሔር ያዳነኝ ልሸሽ አይደለም አለ። በማግስቱ ጠዋት ተከታዮቹን ይዞ የነጮች በሚባለው የአውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀመጠ። ዛሬ የከተማዋ አውሮፕላን ማረፊያ በስሙ ይጠራል።

«ሠለስቱ ደቂቅ» አለች እማዬ። ታኅሣሥ ገብርኤልን አስታጉላ የማታውቅ ሴት ናት፤ ከእሳት የወጣ ሰው ስትሰማ ወዲያው ወደዚያ ነው የምትሄደው። የሚገርመው ኪንግም እንደሷ ነው ያሰበው። በርሚንግሃም ታስሮ ሳለ በጋዜጣ ጠርዝ ላይ መጻፍ በጀመረው ደብዳቤ፣ ሕግ መጣስ አዲስ ነገር አይደለም ሲል የጠቀሳቸው ሲድራቅን፣ ሚሳቅንና አብደናጎን ነው። ደብዳቤው መልስ የሚሰጠው ለስምንት ነጭ የሃይማኖት አባቶች ነበር። ሰልፉ ወቅቱ አይደለም፣ ታገሡ ብለው ጽፈው ነበርና።

የታሰረው ሚያዝያ 12 ቀን 1963 ነው፤ ዓርብ ስቅለት። በዚያ ዓመት የኛም የነሱም ፋሲካ በአንድ ቀን ነበር የዋለው። ስለዚህ በኛ ሚያዝያ 4 ቀን 1955፣ እናቴ በልጅነቷ ስትሰግድ በዋለችበት ቀን፣ እሱ የጨለማ ክፍል ውስጥ ብቻውን ተዘግቶበት ነበር ማለት ነው። ይሄን ስነግራት ሰዓቱን ልታገናኝ ሞከረች። «እኛ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስንሰግድ እዚያ ስንት ሰዓት ነው?» ጠዋት ነው አልኳት።

ደግሞ አይካድም፣ ቦምብ ያፈነዱትም መስቀል የሚያቃጥሉትም ክርስቲያን ነን ባዮች ናቸው። ብዙ የጥቁር ቤተ ክርስቲያኖችም ፈርተው በራቸውን ዘግተው ነበር። መጽሐፉ አንድ ነው። በየሰኞው የሚመጣው ሰው ነው የሚለየው።

ከመውጣታችን በፊት ወደ ኋላ ዞረን ትልቁን የመስታወት ሥዕል አየን። ጥቁር ክርስቶስ ነው፣ እጁን የዘረጋ። አንዱ መዳፉ ይከላከላል፣ ሌላኛው ይሰጣል። የዌልስ ሕዝብ አዋጥቶ የላከው ነው። አንድ ሀብታም ከፍሎ የራሱ እንዳያደርገው አንድ ሰው ከግማሽ ክራውን፣ ከአንዲት የእንግሊዝ ሳንቲም፣ በላይ እንዳይሰጥ ተወስኖ፣ ሳንቲም በሳንቲም ተሰበሰበ። እማዬ ሥዕሉ ፊት ሦስቴ ሰገደች። ከኋላችን የነበሩት ቱሪስቶች ፎቶ ማንሳት አቆሙ።

ዓርብ፣ ሰልማ

ሰልማ ታሳዝናለች። ዋናው ጎዳና ላይ ግማሹ ሱቅ ባዶ ነው፣ መስታወቱ ላይ ሳንቃ ተመቷል። በ2023 ጥር ላይ አውሎ ነፋስ መትቷታል። ዓለምን የለወጠ ነገር የተሠራበት ከተማ ለራሱ አልተለወጠም። ይሄን ሳልጽፍ ማለፍ አልፈለግኩም።

በ1965 መጀመሪያ ላይ እዚህ አውራጃ ውስጥ ለምርጫ የተመዘገበው ጥቁር ከመቶ ሁለት ያህል ብቻ ነበር። ማሪዮን በምትባል ጎረቤት ከተማ ጂሚ ሊ ጃክሰን የሚባል የ26 ዓመት ዲያቆን ለመመዝገብ ደጋግሞ ሞክሮ ተመልሷል። የካቲት 18 ማታ እናቱን ከፖሊስ ዱላ ሊከላከል ሲል በጥይት ተመታ፤ በስምንተኛው ቀን ሞተ። የሰልማ ሰልፍ የተነሣው ከሱ ቀብር ነው።

የኤድመንድ ፔተስ ድልድይ በአንድ ለባርነት በተዋጋ ጄኔራል ስም የተሰየመ ነው። መሃሉ ጎበጥ ያለ ነው። ሽቅብ ስትወጣ ማዶ ያለው አይታይህም። መጋቢት 7 ቀን ከብራውን ቻፕል ቤተ ክርስቲያን ተነሥተው ወደ አላባማ ዋና ከተማ ወደ ሞንትጎመሪ የሄዱት 600 ያህል ሰዎችም ጫፉ ላይ እስኪደርሱ ድረስ የሚጠብቃቸውን አላዩም። ሲደርሱ መንገዱን የዘጋ ፖሊስ፣ ፈረሰኛ፣ ዱላ፣ አስለቃሽ ጭስ።

ፊት ከመሩት አንዱ ጆን ሉዊስ ነበር፤ 25 ዓመቱ። በኋላ የአትላንታ የኮንግረስ ተወካይ የሆነው። በልጅነቱ ገጠር ውስጥ ለቤተሰቡ ዶሮዎች ይሰብክ ነበር። በዚያ ቀን የያዘው ቦርሳ ውስጥ የነበረውን ሳነብ ነው የገባኝ፦ አንድ ፖም፣ አንድ ብርቱካን፣ የጥርስ ብሩሽና ሳሙናው፣ ሁለት መጽሐፍ። እታሰራለሁ ብሎ ነው የወጣው። ስንቅ ቋጥሮ። የራስ ቅሉን ሰበሩት። በሁለተኛው ሳምንት ከሞንትጎመሪ ሰልፍ ጋር ነበረ።

እማዬ ጉልበቷን ያማታል። ቀስ እያልን ወጣን። መሃል ላይ የድልድዩን መደገፊያ ብረት ተደግፋ የአላባማን ወንዝ ቁልቁል አየች። «እዚህ ከደረስኩ መመለስ እፈልግ ነበር» አለች። «እኔም።» «አንተማ ወጣት ነህ።» «ለዚያ ነው የምልሽ።» ያኔ ነው ስለ መጋዘኑ የነገርኳት። ድልድዩ ጉብታ ላይ ቆመን፣ መኪና እያፏጨ በአጠገባችን እያለፈ። አልተቆጣችኝም። «በሦስተኛው ነው የቀረኸው?» ብቻ አለች።

እሷን የሚያስደስት አንድ ነገር ነበረኝና ፎቶ አሳየኋት። የሰሜንና የደቡብ አሜሪካ የግሪክ ኦርቶዶክስ ሊቀ ጳጳስ ያኮቮስ በመጋቢት 15 እዚህ ሰልማ ከኪንግ ጎን ቆመው የተነሡት ነው። ጥቁር ቆብና ልብስ፣ ሙሉ ጺም። ከገዛ ምእመናናቸው ስድብ ደርሶባቸዋል። «የኛን አባቶች ይመስላሉ» አለች። ስልኬን ተቀብላ አጉልታ አየቻቸው። «አቡነ ጴጥሮስም ብቻቸውን ነው የቆሙት» አለችና ስልኩን መለሰችልኝ።

ወደ ሞንትጎመሪ የሚወስደው መንገድ 54 ማይል ነው። በሦስተኛው ሙከራ፣ ከመጋቢት 21 እስከ 25፣ በፍርድ ቤት ፈቃድ የሄዱበት። እኛ በመኪና ከአንድ ሰዓት በታች። መሃል ላይ ላውንድስ የምትባል አውራጃ አለች። ነዋሪዋ አብዛኛው ጥቁር ሆኖ በ1965 መጀመሪያ አንድም ጥቁር መራጭ አልተመዘገበባትም። ሄይንቪል ከተማዋ ውስጥ ገባ ብለን ወጣን። ጆናታን ዳንኤልስ የተባለ የኤጲስቆጶሳዊት ቤተ ክርስቲያን ደቀ መዝሙር፣ ነጭ፣ 26 ዓመቱ፣ እዚህ ነው የሞተው። ከእስር ተፈተው ለስላሳ ሊገዙ ወደ ሱቅ ሲሄዱ አንድ ሰው በ17 ዓመቷ ሩቢ ሴልስ ላይ ጠመንጃ አነጣጠረ። ዳንኤልስ ገፍቷት እሱ ተመታ። ገዳዩን ነጮች ብቻ የነበሩበት ዳኝነት ነጻ ለቀቀው።

ዳንኤልስ ወደ አላባማ ለመምጣት የወሰነው በማታ ጸሎት ላይ የእመቤታችን መዝሙር ሲዘመር ነው። የትኛው እንደሆነ ለእማዬ ስነግራት መንዳት አላስቻለችኝም። በየቀኑ የምትደግመው ነዋ! «ታዐብዮ ነፍስየ ለእግዚአብሔር» ብላ ጀመረች። እስከ ገዥዎችን ከዙፋናቸው አዋርዷል፣ ትሑታንን ከፍ አድርጓል ድረስ ወረደችው። ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። ከቡና ጭስ ጋር ተደባልቆ የሚሰማ ድምፅ ነበር ለኔ። ምን እንደሚል ሰምቼው አላውቅም።

ቅዳሜ፣ ሞንትጎመሪ

ጠዋት የሊንች፣ ማለትም ያለ ፍርድ በመንጋ የተገደሉ ጥቁሮች፣ መታሰቢያ ሄድን። በ2018 የተከፈተ ነው። ከ800 በላይ የዛጉ የብረት ዓምዶች፣ እያንዳንዱ የአንድ አውራጃ፣ በላዩ የሰው ስም። በጠቅላላ ከ4,400 በላይ። መጀመሪያ ዓምዶቹ ፊት ለፊትህ ናቸው። ወለሉ ቁልቁል ይወርዳልና ቀስ በቀስ ከራስህ በላይ ይንጠለጠላሉ። እማዬ መሃል ላይ «በቃኝ» አለች። ውጪ አግዳሚ ወንበር ላይ ጠበቀችኝ።

ከሰዓት በኋላ ደቡብ ጃክሰን ጎዳና፣ ቁጥር 309። ኪንግ የዴክስተር ጎዳና ቤተ ክርስቲያን ፓስተር ሳለ ይኖርበት የነበረ ትንሽ የእንጨት ቤት። በረንዳው ላይ የቦምቡ ጠባሳ አሁንም አለ። አስጎብኚያችን አንዲት አዛውንት ናቸው፤ እማዬን ሲያዩ ክንዷን ይዘው አስገቧት።

ቤቱን ሁሉ አልፌ የምፈልገው ማድ ቤቱን ነበር። ጠባብ ነው። ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ጠረጴዛ። ጥር 27 ቀን 1956 እኩለ ሌሊት ገደማ ስልክ ጮኸ። የአውቶቡስ አድማው ሁለተኛ ወሩ ላይ ነበር። ሮዛ ፓርክስ ታኅሣሥ 1 ቀን ከአውቶቡስ ወንበሬ ለነጭ አልነሣም ካለች ወዲህ። ደዋዩ በሦስት ቀን ውስጥ ከከተማ ካልወጣህ ጭንቅላትህን እንበትናለን፣ ቤትህን እናፈነዳለን አለው። ሚስቱ ኮሬታ ተኝታለች። ልጃቸው ሁለት ወሯ ናት። እሱ ገና 27 መድፈኑ ነው። መተኛት አልቻለም። ቡና አፈላ። ጽዋው ሳይነካ ጠረጴዛው ላይ ቆየ። ፈሪ ሳይመስል እንዴት ነገሩን እንደሚተወው ያስብ ጀመር።

እዚህ ላይ አዛውንቷ ዝም አሉ። ይሄን ታሪክ በሺህ ጊዜ የሚቆጠር ተናግረውታል፤ ግን ዝም አሉ።

ፊቱን በእጁ ይዞ ድምፁን አውጥቶ ጸለየ። ደክሜያለሁ፣ ፈርቻለሁ፣ ብቻዬን አልችልም አለ። ለጽድቅ ቁም፣ ለፍትሕ ቁም፣ ለእውነት ቁም የሚል ድምፅ በውስጡ እንደሰማ በኋላ ተናግሯል። በሦስተኛው ቀን ቤቱ በቦምብ ተመታ። ኮሬታና ሕፃኗ ውስጥ ነበሩ፤ ተረፉ። ጠመንጃ ይዞ የተሰበሰበውን ሕዝብ በረንዳው ላይ ቆሞ አረጋጋው። አድማው እስከ 381ኛው ቀን ቀጠለ።

የኔን ስብሰባዎች ከ381 ጋር ማነጻጸር ያሳፍራል። ግን ማድ ቤቱ ውስጥ የደነቀኝ ቁጥሩ አይደለም። ጽዋው ነው። እሱም ሊተወው ነበር።

«ታዲያ ሕዝቡን ማን መገበ?» አለች እማዬ። ስተረጉም አዛውንቷ ከት ብለው ሳቁ። «ሁሉም ስለሱ ይጠይቁኛል። ስለ ምግብ የጠየቀኝ ሰው ጥቂት ነው!» ከዚያ ስለ ጆርጂያ ጊልሞር ነገሩን። አዋላጅም ምግብ አብሳይም ነበረች። ፍርድ ቤት ለኪንግ መስክራ ከሥራዋ ተባረረች። ጎረቤቶቿን ሰብስባ ዶሮ፣ ሳንድዊች፣ የስኳር ድንች ፓይ እየሸጡ ብሩን ለአድማው አስገቡ። በነጮች ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ ሴቶች ስማቸው እንዳይታወቅ ማኅበሩን «ከየትም» አሉት። ብሩ ከየት መጣ ሲባል፣ ከየትም። በሱ ቤንዚን ይገዛል። ቤተ ክርስቲያኖች በስማቸው በገዟቸው መኪናዎች ሰው በየሥራው ይመላለስበታል። በ1990 መጋቢት የሰልማ ሰልፍ 25ኛ ዓመት ሲከበር ለሰልፈኞቹ እያበሰለች ሞተች። ያዘጋጀችውን ቀብሯ ላይ በሉት።

«የጽዋ ማኅበር ነው እኮ!» አለች እማዬ። ሁለቱ ሴቶች ያለ እኔ ትርጉም፣ በእጅ፣ ስለ ሊጥ ማውራት ጀመሩ። እኔ በረንዳው ላይ ወጥቼ ጠበቅሁ።

ወደ አትላንታ ስንመለስ መሸ። ስልኬ ጮኸ፤ ከመጋዘኑ ልጆች አንዱ ነው፣ «ማክሰኞ ማታ አለን» የሚል መልእክት። ጮክ ብዬ አነበብኩት መሰለኝ። እማዬ አንቀላፍታለች ብዬ ነበር።

«ስንት ሰው ነው የሚመጣው?» አለች ዓይኗን ሳትገልጥ።

«ምን አውቃለሁ። አሥር፣ አሥራ ሁለት።»

«ዳቦ ነው የምጋግረው። የጾም።» ትንሽ ቆየችና፣ «ሜክሲኮዎቹ ጥቁር አዝሙድ ይወዳሉ?»